እናቴ የኩቤክ ነዋሪ ናት፣ እኔ የአልበርታ፤ ለሕክምና ትምህርት በእሷ በኩል ባመለክት ያስኬዳል?

ጥያቄ (ከኤድመንተን)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ ጋር ከአዲስ አበባ ስንመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን 22 ዓመቴ ነው፤ ዜግነት ካገኘሁም ቆይቷል። ዘንድሮ በባዮሎጂ እመረቃለሁ፤ ከዚያ ለሕክምና ትምህርት አመለክታለሁ። እናትና አባቴ የተለያዩት ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። እናቴ ካናዳ የገባችው ከእኛ በኋላ ሲሆን ላለፉት አራት ዓመታት ሞንትሪያል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች።

ብዙዎቹ የካናዳ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የግዛታቸውን ነዋሪ ስለሚያስቀድሙ ደንቡን ሳይ፣ በኩቤክ ግዛት ከወላጆች አንዱ እዚያ ከኖረ ልጁም እንደ ነዋሪ እንደሚቆጠር አነበብኩ። እውነት ይህ ብቻ ይበቃል? እኔ እዚያ ኖሬ አላውቅም። ለበዓል ስሄድ ሳሎኗ ውስጥ ተዘርግቶ አልጋ በሚሆነው ሶፋ ላይ እተኛለሁ፤ ከቁም ሣጥኗም አንዱን መሳቢያ ለልብሴ ለቅቃልኛለች። ይኸው ነው። ደግሞስ እዚያ ነዋሪ ነኝ ካልኩ አልበርታ ያለኝን ነዋሪነት አጣ ይሆን?

አብራኝ የምትማር ልጅ «ይህማ አድራሻ መዋስ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅጹን በከፈትኩት ቁጥር እጄ ይታሰራል። ሐኪም ልሆን እያሰብኩ የመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ የማያኮራኝን ነገር መጻፍ አልፈልግም።

መልስ (በሞንትሪያል የሕክምና ተማሪ)

እህቴ፣ አድራሻ መዋስ አይደለም። እኔም የገባሁት በዚሁ መንገድ ነው። አባቴ ኩቤክ ውስጥ ጋቲኖ ይኖር ነበር፤ እኔ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ኦንታሪዮ ባለችው ኦታዋ። የኩቤክ ደንብ እነማንን ነዋሪ እንደሚል ዘርዝሮ አስቀምጧል፦ እዚያ የተወለደ፣ ከወላጆቹ አንዱ ወይም ስፖንሰር ሆኖ ወደ ካናዳ ያስመጣው ሰው እዚያ የሚኖር፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሳይሆን አሥራ ሁለት ተከታታይ ወር እዚያ የኖረ፣ ሌሎችም አሉ። አንዱን ካሟላሽ ሁለተኛ አትጠየቂም። በእናትሽ በኩል ስታመለክቺ የሚታየው የእናትሽ መኖሪያ ነው፤ ስለ ሶፋው አትጨነቂ። አልበርታንም በዚህ ምክንያት አታጪም፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚመዝንሽ በራሱ ደንብ ነው። በሁለቱም ማመልከቻ ላይ ያለውን እውነት ጻፊ፤ የምትጠራጠሪው ነገር ካለ ለየቅበላ ክፍላቸው በጽሑፍ ጠይቂና መልሱን አስቀምጪው።

ይልቅ የሚያስጨንቀው ወረቀቱ ነው። የነዋሪነት ማረጋገጫ ቅጹ፣ የዜግነት ማስረጃሽ፣ የወላጆችሽ ስም ያለበት የልደት የምስክር ወረቀትና የእናትሽ ጊዜው ያላለፈ የኩቤክ የጤና መድን ካርድ ያስፈልጉሻል። እኛ ኢትዮጵያውያን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንቺ የምትጠሪው በአባትሽ፣ እናትሽ የምትጠራው በአባቷ፤ በስም የሚያገናኛችሁ ነገር የለም። እናትና ልጅ መሆናችሁን የሚመሰክረው ያ የልደት ወረቀት ብቻ ነው። የእኔ ወረቀት በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ነበር፤ ተርጓሚው የልደት ዘመኔን እንዳለ 1993 ብሎ አሰፈረው። ፓስፖርቴ 2001 ይላል። ያየው ሠራተኛ የሁለት ሰዎች ወረቀት መስሎት መለሰብኝ። የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት ጨምሮ በሚያስረዳ ተርጓሚ እንደገና እስካስተረጉመው ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ የልደት ወረቀትሽን ዛሬውኑ አውጥተሽ እዪ። ቀኑን፣ የእናትሽን ስም አጻጻፍ፣ የአያትሽን ስም ከካርዱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ።

መልስ (ከቶሮንቶ)

ከላይ የተባለው ለኩቤክ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህን የምታነቡ ሌሎች ልጆች ወደ ሌላ ግዛት እንዳትወስዱት እለምናችኋለሁ። እዚህ ኦንታሪዮ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ራስህ ከአሥራ አራት ዓመትህ ወዲህ ቢያንስ ሦስት ዓመት ኦንታሪዮ መኖርህን ነው፤ የእናት ቤት እዚህ መሆኑ ብቻውን አያስገባም። መንግሥቱም ከ2026 መከር ጀምሮ በኦንታሪዮ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ካለው ቦታ 95 በመቶው ለግዛቱ ነዋሪዎች እንደሚያዝ አስታውቋል። ለዚህ ነው ነዋሪነት ይህን ያህል የሚያስጨንቀን።

በእኔ ጊዜ ሞንትሪያል ያለው አጎቴ «ና፣ በእኔ በኩል ግባ» አለኝ። ከልቡ ነበር፤ ቁልፉን ሁሉ ሊያስቀርጽልኝ ነበር። ደንቡ ግን አጎትን፣ ስፖንሰር ካላደረገ በቀር፣ አያውቀውም። ያኔ ሰዎች «ማን ያጣራል?» ይሉኝ ነበር። ብዋሽና ከገባሁ በኋላ ቢደረስብኝ አራት ዓመት የለፋሁበት ይሄድ ነበር። እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። አጎቴ ሊያደርግልኝ የፈለገው መዋስ ነበር፤ አንቺ የምትጽፊው ያለ እውነት ነው።

መልስ (ነርስ፣ ሞንትሪያል)

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እናትሽ ለኩቤክ ለብቻው የሚቀርበውን የግብር ማስታወቂያ በየዓመቱ ታስገባለች? የትምህርት ክፍያውም እንደ ነዋሪ ሲሆን ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ካናዳዊ ከሚጠየቀው ያነሰ ነው፤ ይህም የሚገኘው እናትሽ በምትከፍለው ግብር ነውና አትሸማቀቂ። ጉዳይሽ እስኪያልቅ ግን ወደ አልበርታ እንዳትዛወር፤ የአንቺ ነዋሪነት የቆመው በእሷ ላይ ነው።

እኔ የምልሽ ሌላ ነው። እዚህ ሞንትሪያል ያለው መክጊል ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ በሽተኛው ግን ፈረንሳይኛ ይናገራል። አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሳ ሴር፣ ሳ ሴር» ይሉ ነበር። ቀን በእንግሊዝኛ ሲያጫውቱኝ የዋሉ ሰው ናቸው። «ጨምድዶ ያዘኝ» ማለታቸው ነው፤ ስለ ልብ የሚነገር ቃል። አጠገባቸው የነበረው ተማሪ ሱሪያቸው የጠበቃቸው መስሎት ቀበቶአቸውን ፈታላቸው። ደግ ልጅ ነበር፤ ቃሉን ግን አላወቀም። አንቺ ከአሁኑ ጀምሪ። እናትሽ መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ እነዚህን ቃላት ከማንም መምህር በላይ ታውቃለች።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እርስዎንም፣ ነርሷ እናቴ፣ በጣም አመሰግናለሁ። እናቴ የግብር ማስታወቂያውን በየዓመቱ ታስገባለች፤ ጠይቄያታለሁ።

ትናንት ማታ አባቴ የልደት ወረቀቴን ከሻንጣው ግርጌ አወጣልኝ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር አለ። የእናቴ ስም ግን በ«ፀ» ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛው በኩል «ቲ» የሚለው ፊደል የለውም። ደወልኩላት። ለሌሊት ተራ እየተዘጋጀች ነበር። መነጽሯን ፈልጋ ካርዷን አወጣችና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ «ቲ አለው» አለችኝ። የአያቴንም ስም አነበበች፤ ልደት ወረቀቱ ላይ እሱ ጨርሶ የለም። ስለዚህ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ በኖተሪ ፊት እንድትፈርምልኝ ማክሰኞ፣ ከሥራ እንደወጣች፣ ቀጠሮ ይዛልኛለች። ይህን ዓይነት ቃለ መሐላ ያስገባ ሰው ካለ፣ ተቀበሉት ወይስ ከአዲስ አበባ የታረመ የልደት ወረቀት ጠየቁ?

ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት «ሳ ሴር» የሚለውን ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ማን ነገረሽ? እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ቃል እኮ ነው» አለችኝ።