ሪፖርቱ ሲነሳ ዳታቤዙ ይወድቃል፤ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ እንዴት ላከፋፍል?

ሚዛን ቤት (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። ጅማ ነኝ። የቡና መረከቢያ መጋዘን ውስጥ ሲስተሙን የምይዘው እኔ ነኝ። ያለችን አንድ ሰርቨር ናት፤ 8 ጊጋ ራም፣ 4 ኮር፣ ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ)። ዳታቤዙ፣ ማይኤስኪውኤል፣ እሷ ላይ ነው። ሚዛን ላይ ያለው ልጅ እሸት ቡና መዝኖ ደረሰኝ የሚቆርጠው ከዚያ ነው።

እዚያው ማሽን ላይ በፓይተን የተሠራ የሪፖርት ፕሮግራም አለ። የየአቅራቢውን ሂሳብ ያሰላል፤ በ6 ፕሮሰስ (ጎን ለጎን በሚሮጡ የፕሮግራሙ ቅጂዎች) ተከፍሎ ነው የሚሠራው፣ የሚያስነሳውም ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው ክሮን ነው። ድሮ ሌሊት ብቻ ስለነበር ችግር አልነበረም። አሁን ግን የለቀማ ወቅት ነው፤ አለቃ ቀንም ይፈልገዋል። ሪፖርቱ ሲነሳ ደረሰኙ ይንቀራፈፋል፣ ቆየት ብሎ ማይኤስኪውኤል ጭራሽ ይዘጋል። ገበሬው ጆንያውን ይዞ ፀሐይ ላይ ይሰለፋል። ለሪፖርቱ ናይስ 19 (የመጨረሻውን ዝቅተኛ ቅድሚያ) ሰጥቼዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ራም እንዲገዛ ጠይቄያለሁ፤ ለዚህ ወቅት ግን አይደርስም። ባለው እንዴት ላብቃቃ?

ሒርማታ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት የሆነውን ክፍል) ሎግ እይ። ዲሜሴጅ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተሽ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» (ሜሞሪ አልቋል) የሚል መስመር ፈልጊ። ማይኤስኪውኤል ራሱ ወድቆ ሳይሆን ከርነሉ ገድሎት ሊሆን ይችላል።

ሚዛን ቤት፦
አለ! «ኪልድ ፕሮሰስ» ይልና የማይኤስኪውኤልን ስም ይጠራል። 2.5 ጊጋ ይዞ ነበር። ፓይተኖቹ እያንዳንዳቸው 900 ሜጋ አካባቢ ናቸው። ግን ራሙን የጨረሰው ሪፖርቱ ነው፤ ለምን ዳታቤዙ ይገደላል?

ሒርማታ፦
ደምሪው። 6 ጊዜ 900 ሜጋ 5.4 ጊጋ ነው። 2.5 ሲጨመር 7.9። ለሌላው ምንም አልተረፈም። ራም ሲያልቅ ከርነሉ አንድ ፕሮሰስ መርጦ ይገድላል፤ ሲመርጥ በዋናነት የሚያየው እያንዳንዱ ፕሮሰስ የያዘውን መጠን ነው። ሪፖርቱ በ6 ስለተከፈለ አንዱ ለብቻው ትንሽ ነው። ማይኤስኪውኤል ግን ባለብዙ ትሬድ (በውስጡ ጎን ለጎን የሚሮጡ ሥራዎች ያሉት) አንድ ፕሮሰስ ስለሆነ ከሁሉም ገዝፎ ይታያል። ስለዚህ እሱ ተመታ።

ናይስ ደግሞ የሚመለከተው ሲፒዩን (ፕሮሰሰሩን) ብቻ ነው። ሜሞሪ ላይ ምንም አያደርግም። ኡቡንቱ ላይ ከርነሉ እያንዳንዱን ሴሽን (አብረው የተነሱ ፕሮሰሶችን) ለብቻው ስለሚቦድን ደግሞ፣ ናይስ ጉልበት የሚኖረው እዚያው ሴሽን ውስጥ ነው። ከሌላ ሰርቪስ (ከጀርባ ከሚሠራ ፕሮግራም) ጋር ሲገጥም እምብዛም አይረዳሽም።

ጅሬን፦
መፍትሔው ሲግሩፕ ነው። ከርነሉ ፕሮሰሶችን በቡድን አድርጎ ለየቡድኑ ሲፒዩና ሜሞሪ የሚመድብበት ዘዴ ማለት ነው። ሥራውን በ2006 የጀመሩት የጉግል መሐንዲሶች ናቸው፤ በ2008 በሊኑክስ 2.6.24 ገባ። ፕሮግራሞችን ለያይተው የሚያስኬዱት ዶከርና ኩበርኔቲስም የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። ያንቺ ኡቡንቱ ሁለተኛውን ስሪት ይጠቀማል፣ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲም እያንዳንዱን ሰርቪስ በራሱ ቡድን አስቀምጦልሻል። ምንም አትጭኚም።

ከሁሉም በፊት ግን ይህን ልብ በይ፦ ሲፒዩና ሜሞሪ አንድ ዓይነት ሀብት አይደሉም። ሲፒዩን ከርነሉ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ከአንዱ ነጥቆ ለሌላው ይሰጣል፤ የተነጠቀው ይዘገያል እንጂ አይሞትም። አንድ ፕሮግራም የያዘው ሜሞሪ ግን ስዋፕ (በሜሞሪ ምትክ የሚያገለግል የዲስክ ቦታ) ከሌለ ሳይገደል አይነጠቅም። ስለዚህ ለሲፒዩ ሚዛን (ሲሻሙ የሚደርስ ድርሻ) ስጪ፣ ለሜሞሪ ደግሞ ጣሪያ።

ሪፖርቱን ከክሮን አውጥተሽ የራሱ ሰርቪስ አድርጊው። ሲፒዩዌይት (የሲፒዩ ሚዛኑን) 20 ስጪው። ማይኤስኪውኤል በነባሪው 100 ይቆይ። ሁለቱ ሲሻሙ ከስድስት እጅ አምስቱ ለዳታቤዙ ይሆናል። ዳታቤዙ ሥራ ሲፈታ ግን ሪፖርቱ 4ቱንም ኮር ይወስዳል፤ የሚባክን የለም። ሜሞሪሃይ 3 ጊጋ፣ ሜሞሪማክስ 3.5 ጊጋ አድርጊ። ሃይ ሲታለፍ ከርነሉ ፕሮግራሙን ያዘገየዋል፣ ማክስ ላይ ሲደርስና ማስለቀቅ ሲያቅተው እዚያው ቡድን ውስጥ ይገድላል። ማይኤስኪውኤል አይነካም።

የሪፖርቱን ፕሮሰስ ወደ 3 ማውረድ እንዳትረሺ። 3 ሲሆኑ 2.7 ጊጋ ነው፣ ከጣሪያው በታች ይገባሉ። በ6 ከተውሻቸው ግን በየጊዜው ይገደላሉ።

አጋሮ በር፦
ሲፒዩኮታ አይቀልም? 100 በመቶ ብትሰጪው በአንድ ኮር ይወሰናል፣ አለቀ።

ጅሬን፦
ለሪፖርቱ ከሆነ አይጎዳም፤ ግን ማሽኗ ባዶ ሆና ሪፖርቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዳታቤዙ ላይ ግን አደራ፣ እንዳታደርጊው። ኮታው የሚቆጠረው በየ100 ሚሊሰከንዱ ነው። በአንድ ኮር ልክ የተወሰነ ዳታቤዝ በ4 ትሬድ በአንዴ ቢሮጥ ድርሻውን በ25 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። የቀረውን 75 ከርነሉ ያስቆመዋል፣ ሌላ የሚጠቀምበት ባይኖርም። ደረሰኝ ሲቆረጥ በየመሃሉ ትንሽ ትንሽ ቀጥ ይላል፤ ቶፕ (የሲፒዩ አጠቃቀም ማሳያው) ላይ ስታዪ ደግሞ ሲፒዩው ባዶ ነው። ይህን ችግር ለማግኘት ሰው ብዙ ይደክማል። የቡድኑ ሲፒዩስታት የሚለው ፋይል ውስጥ «ትሮትልድ» (በኮታ የቆመበት) የሚለው ቁጥር እየጨመረ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦
ጅሬን ባሉት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ለማይኤስኪውኤል ሜሞሪሎው 3 ጊጋ ስጪ። ራም ሲጠብ ከርነሉ መጀመሪያ ከሌሎቹ እንዲያስለቅቅ ነው። ግን ጥበቃው በወላጁ ቡድን ይወሰናል። ወላጁ ሲስተምስላይስ (ሰርቪሶቹን የያዘው ቡድን) ላይ ሜሞሪሎው ዜሮ ከሆነ ልጁ ላይ የጻፍሽው ምንም አይሠራም፤ ስህተት የሚል መልእክትም አይወጣም። ሁለቱም ላይ ጻፊው።

ሁለተኛ፣ ሪፖርቱ ላይ ኦኦኤምፖሊሲ ኪል በይ፤ አንዱ ሲገደል ሁሉም አብረው ይገደላሉ። ያለዚያ ከ3ቱ አንዱ ፕሮሰስ ብቻ ሊገደልና ፕሮግራሙ ጎዶሎ ድምር ሊያወጣ ይችላል። የገበሬ ሂሳብ ተቆርጦ ከሚወጣ ሪፖርቱ ጨርሶ ባይወጣ ይሻላል።

ሚዛን ቤት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አስገብቼዋለሁ። ዛሬ ሪፖርቱ እየሄደ ደረሰኝ ሲቆረጥ አጠገቡ ቆሜ አየሁ፤ አልዘገየም። ሪፖርቱ ግን ከድሮው ረዘም ይላል፣ አለቃም እሺ ብለዋል። አንድ ነገር፦ ለማይኤስኪውኤል ሜሞሪሎውን የሰጠሁት በሴትፕሮፐርቲ ትእዛዝ ነው። መብራት ጠፍቶ ማሽኗ ብትነሳ ይጠፋል?

ፈረንጅ አራዳ፦
«ራንታይም» የሚለውን ካልጨመርሽ ዲስክ ላይ ይጻፋል፣ አይጠፋም። ስትነሳ ግን ሲስተምሲቲኤል ሾው ብለሽ አረጋግጪ። ሪፖርቱ ባለቀ ቁጥርም የቡድኑን ሜሞሪ ኢቨንትስ ፋይል እይው። «ሃይ» የሚለው ቁጥር ቶሎ ቶሎ ከጨመረ ጣሪያው ጠቦታል ማለት ነው፤ ያኔ ፕሮሰሱን ወደ 2 አውርጂ።