ፓርካችን ላይ ድልድይ ሊያልፍ ነው፣ «ኢዝመንት» ማለት መሸጥ ነው እንዴ?

ማሚት፦
ሰላም ወገን፣ የምኖረው ከሲያትል ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ከአፓርትመንታችን ጎን ያለው ፓርክ ላይ አይ ፋይቭን (ትልቁን ሃይዌይ) ተሻግሮ ባቡር ጣቢያ የሚያደርስ የእግረኛና የብስክሌት ድልድይ ሊያርፍ ነው፣ እና ትናንት ከሲቲው ደብዳቤ መጣ፣ ካውንስሉ በፓርኩ ላይ ለባቡሩ ድርጅት «ፐርማነንት ኢዝመንት» እና «ቴምፖራሪ ኮንስትራክሽን ኢዝመንት» ሊሰጥ ስለሆነ ሂሪንጉ (ሕዝብ ሐሳብ የሚሰጥበት ስብሰባ) ላይ መጥታችሁ ተናገሩ ይላል። እናቴና ጓደኞቿ ማታ ማታ ወክ የሚያደርጉት እዛ ነው፣ «በቃ ሸጡት» ብላ ከትናንት ጀምሮ ፊቷ አልተፈታም። እኔ ድልድዩን እፈልገዋለሁ፣ ባቡሩ እየታየኝ 25 ደቂቃ ዞሬ ነው የምደርሰው። ምን ብዬ ላስረዳት?

ቀያሹ፦
አልተሸጠም፣ እማማን አረጋጊያቸው። ኢዝመንትን የማለፊያ መብት በያቸው ይገባቸዋል፣ ገጠር ጎረቤት በማሳሽ ዳር ከብቱን ወንዝ ወርዶ ውሃ ሊያጠጣ እንደሚያልፈው ማለት ነው፣ መሬቱ ያንቺው ነው ግን አትከለክይውም። እዚህ ልዩነቱ ወረቀት አለው፣ ካውንቲ ይመዘገባል፣ ባለቤቱ ቢቀያየር እንኳ መብቱ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል።
ሲያትል ኖርዝጌት ያለውን የጆን ሉዊስ የእግረኛ ድልድይ ታውቂው የለ? ኦክቶበር 2፣ 2021 ባቡሩ ኖርዝጌት የገባ ቀን የተከፈተው፣ 1,900 ጫማ ገደማ ነው። አንዱ ጫፍ ኖርዝ ሲያትል ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው ያ የስቴት መሬት ነው፣ መሃሉ ሃይዌይ ነው እሱም የስቴት ነው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት ነው የሚያዝበት፣ ወዲህኛው ጫፍ ጣቢያው ጋ ነው፣ ድልድዩ ደግሞ የሲቲው። ሁሉንም ገዝቶ መሥራት አይታሰብም፣ ሃይዌይ ማን ይሸጥልሻል? ስለዚህ ምሶሶው የሚቆምበትን፣ ከላይ ያለውን አየር፣ የጥገና መኪና የሚገባበትን ብቻ ነው መብት የሚወስዱት።

ጠርጣራው፦
ቀያሹ ያለው ልክ ነው ግን «አልተሸጠም» ብሎ ማለፉ ለኔ አይዋጥልኝም። ፐርማነንት ካሉ ፐርማነንት ነው፣ ምሶሶ የቆመበት ሳር ተመልሶ ሳር አይሆንም። ሲያትል ውስጥ ቢሆን ከ1997 ጀምሮ ኢኒሼቲቭ 42 የሚባል የከተማው ሕግ አለ፣ የፓርክ መሬት ለሌላ ነገር ከዋለ ተመጣጣኝ መሬት ይተካ የሚል፣ እናንተን ግን አይመለከትም፣ የራሳችሁ ሲቲ ምን እንደሚል ጠይቂ። ፓርኩ ከላንድ ኤንድ ዋተር ኮንሰርቬሽን ፈንድ ብር አግኝቶ ያውቃል ወይ ብለሽም ጠይቂ፣ የፌዴራል ገንዘብ ስለሆነ ያንን የነካ መሬት እንዲህ በቀላሉ ለሌላ አገልግሎት አይዞርም። ደግሞ በዋሽንግተን ስቴት ሕግ አንዱ የመንግሥት አካል ለሌላው ንብረቱን ሲሰጥ በመርህ ደረጃ ሙሉ ዋጋውን ማግኘት አለበት፣ ስለዚህ «ለፓርኩ በምትኩ ምን ገባለት?» ማለት መብትሽ ነው፣ ቅሬታ አይደለም።
እናትሽን የሚያስቸግራቸው ግን ቴምፖራሪው፣ ግንባታው እስኪያልቅ ብቻ የሚሰጠው ነው። አጥር የሚታጠረው በሱ ነው። መቼ እንደሚያልቅ ቀኑ ይጻፍ፣ በየት በኩል እንደሚኬድ ይጻፍ፣ የሚቆረጠውን ዛፍ ማን እንደሚተክል ይጻፍ። በቃል የተነገረሽን ተዪው።

ባለብስክሌቱ፦
እኔ ምግብ የማደርሰው በብስክሌት ነው፣ የኖርዝጌቱ ከመሠራቱ በፊት ከኮሌጁ ወደ ማዶ ለመሻገር መኪና መሃል ገብቶ መዞር ነበር፣ ዝናብ ሲጨመርበት በቃ አታንሱብኝ። አሁን ብር ብዬ ነው የማልፈው፣ በኮሌጁ በኩል ረግረጉ ላይ ዳክዬ ሳይ ቆም እላለሁ (ትእዛዙ ይቀዘቅዛል እንግዲህ 😄)። ማሚት አንድ ነገር፣ መብራቱን ማን እንደሚጠግን ጠይቂ፣ ኢዝመንቱ ላይ ካልተጻፈ አምፖል ሲቃጠል ሲቲው ወደ ድርጅቱ ድርጅቱ ወደ ሲቲው ይጠቋቆማሉ።

የቦሌ ልጅ፦
አገር ቤት ቢሆን ደብዳቤው ሳይደርስሽ ዶዘሩ ይደርስ ነበር 😂

ማሚት፦
😂😂 ተባረኩ ሁላችሁም። ለእናቴ የወንዙን ምሳሌ ነገርኳት፣ ወዲያው ገባት፣ ከዛ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ድልድዩ ላይ መቀመጫ ይኖረዋል?» አለችኝ። ሂሪንጉ ላይ ራሷ ትጠይቃቸው ብያለሁ፣ አስተርጓሚ ይሰጣሉ እንዴ?

ቀያሹ፦
ቀደም ብለሽ ለሲቲው ጸሐፊ ኢሜይል አድርጊ፣ አማርኛ መሆኑን ጻፊ፣ ቀኑ ሲደርስ ከሆነ ላያገኙ ይችላሉ።