ከመተማ የመጣ ሕመምተኛ ጎንደር ውስጥ ወዴት ይሂድ?

የአዘዞ ልጅ፦ ከመተማ የሰሊጥ ሥራ የተመለሰ ጎረቤታችን ከ3 ሳምንት በላይ ትኩሳት አለው። ከስቷል፣ ሆዱም በግራ በኩል አብጧል። የወባ መድኃኒት ወስዶ አልተሻለውም። የት እንውሰደው?

ማራኪ፦ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ በሽታ) እንዳይሆን ቶሎ ይመርመር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። በጤና መድኅን የሚታከም ከሆነ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ያጽፍ፤ ያለዚያ ከኪሱ ሊከፍል ነው። ነስር ካስቸገረው ወይም ራሱን ከሳተ ግን ወረቀት ሳትጠብቁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል አስገቡት።

ላብራቶሪ፦ ከዚህ በፊት ካላዛር ታክሞ ያውቃል? ከጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። እንዲያ ከሆነ ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ይወሰድለታል። የድሮ ካርድ ካለው አትርሱ።

ነርስ፦ የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን በየቀኑ ለ17 ቀን በመርፌ ነው፤ አስታማሚ ከወዲሁ ስንቁን ያዘጋጅ። የኤችአይቪ ምርመራም ያድርግ፣ ቫይረሱ ካለበት መድኃኒቱ ይለወጣል። ትኩሳቱ በረደልኝ ብሎ ግን እባካችሁ አቋርጦ እንዳይወጣ፤ በሽታው ያገረሽበታል።