ጣና ዳር ቁጭ ብዬ መሳል አፈርኩ፣ የሂሳብ ስራዬንስ ልልቀቅ ወይ?

ጠያቂዋ
ሰላም ቤተሰብ፣ ባህር ዳር ኪራይ ቤት ነው የምኖረው፣ 29 ዓመቴ ነው፣ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ አካውንታንት ሆኜ 6 ዓመት ሰራሁ። ስራውን አልጠላውም ግን ማታ ቤት ገብቼ እርሳስ ስይዝ ነው ሰው የምሆነው። አራት ደብተር ሙሉ ስዕል አልጋ ስር አለ፣ ከእህቴ በቀር ያየው የለም። ችግሬ ዓይን አፋርነቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደፈር ብዬ ጣና ዳር ሄጄ ታንኳ የሚያደርቅ ሰው ልስል ተቀመጥኩ፣ ሁለት ልጆች መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፣ ከዛ ሻይ የምትሸጠዋም ልጅ መጣች፣ እጄ ደረቀ፣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ደብተሩን ከድኜ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ካፌ ሊከፍት ነው፣ ግድግዳው ላይ ስዕል ስሪልኝ ብሎኛል፣ እሺም እምቢም አላልኩትም። ሰው እያየኝ መሳል እንዴት ልልመድ? ስራዬንስ መቼ ብለቅ ነው የማልጎዳው? እናቴ ብትሰማ ትታመምብኛለች ብዬ እፈራለሁ።

የግድግዳ ሰዓሊ፣ ቀበሌ 14
እህቴ እኔም እንዳንቺው ነበርኩ፣ አሁን የካፌና የሆቴል ግድግዳ እየሳልኩ ነው የምበላው። ሰው የሚሰበሰበው ሊስቅብሽ አይደለም፣ እጅ ሲሰራ ማየት ይወዳል፣ ብየዳ ቤት ደጃፍም እኮ ቆሞ የሚያይ አይጠፋም። ጀርባሽን ዛፍ ወይ ግንብ አስደግፊ፣ ከኋላ መቆሚያ ካጣ ከጎን ነው የሚቆመው፣ እሱ ይቀላል። ትልቅ ደብተር አትያዢ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሂጂ፣ ሰው ገና አልበዛም። መጀመሪያ ታንኳ ሰሪዎቹን በርቱ በያቸው፣ አስፈቅጂ፣ ሲያልቅ ደግሞ ለተሳለው ሰው አሳዪው፣ እኔን የፈታኝ ይሄ ነው። ፊት አትጀምሪ፣ ይመስላል አይመስልም የሚል ክርክር ይነሳል፣ ደንገል፣ ማለት ታንኳ የሚሰራበትን የውሃ ዳር ተክል፣ የሚያስሩትን እጆች ሳዪ። ታንኳውንም ጠጋ ብለሽ አስተውዪው፣ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ አቁመው ነው የሚያደርቁት፣ ታች እርጥቡ ይጠቁራል ላይ የደረቀው ይነጣል፣ በአንድ እርሳስ ሁለቱን ለመለየት ስትታገዪ ከኋላሽ ማን እንደቆመ ትረሺዋለሽ።

ከቢሮ ወደ ፎቶ
እኔ ከቢሮ ወጥቼ ፎቶ ስራ ከገባሁ 4 ዓመቴ ነው። ተቻኩዬ ነበር የወጣሁት፣ ጥር ላይ ሰርግ በዝቶ ሁሌም እንዲህ መሰለኝና ለቀቅኩ፣ ከዛ አብይ ፆም ገባ፣ ሰርግ የለም፣ የሁለት ወር ኪራይ ተበድሬ ከፈልኩ። ስለዚህ ቢያንስ የ6 ወር ወጪ ሳትይዢ አትውጪ። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሰራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ በፅሁፍ ስጪ፣ የስራ ልምድሽንም ተቀብለሽ ውጪ። ካፌውን ግን ስራሽ ላይ እያለሽ እሺ በዪው፣ ቅዳሜና እሁድ ይበቃሻል። ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ፣ ምን እንደሚሳል፣ ስንት ጊዜ እንደሚስተካከል ተፈራረሙ። እኛ ዓይን አፋሮች ዋጋ ስንጠራ ነው የምንሞተው፣ ስለዚህ በአፍሽ አትጥሪው፣ ፅፈሽ በቴሌግራም ላኪለት።

አዲስ ገቢ
አፈወርቅ ተክሌም እኮ እንግሊዝ ሀገር የተላከው ማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር፣ እዛ ነው ወደ ስዕል የዞረው። እህት ዛሬውኑ ልቀቂ!

ከቢሮ ወደ ፎቶ
ወንድሜ እሱን የላከው መንግስት ነው፣ እሷ ኪራይ ከፋይ ነች፣ እባክህ አትገፋፋት።

የሁለት ልጆች እናት
ልጄ፣ የእናትሽ እኩያ ሳልሆን አልቀርም። እናትሽ የምትፈራው ስዕሉን አይደለም፣ ወር ሲያልቅ ደሞዝ መቅረቱን ነው። እና ከካፌው ያገኘሽውን የመጀመሪያ ብር ይዘሽ ሂጂና ያኔ ንገሪያት። በጀልባም ዘጌ ውሰጃት፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም እንጂ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንገባለን። መቅደሱ ዙሪያውን ስዕል ነው፣ ደጎቹ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹ በጎን በአንድ ዓይን ብቻ። ተሳልማ ስትጨርስ ይሄንንም የሳለው ሰው ነው በያት፣ ሌላ አትጨምሪ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ፣ በርቱ አልኳቸው፣ አንድ አባት ደንገል ሲያስሩ እጃቸውን ሳልኩ። ልጆቹ መጡ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ ግን ደብተሩን አልከደንኩትም። ሳሳያቸው ብዙ አዩትና አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳስ የት ሄደ አሉኝ፣ እዛው ጨመርኩት። ለካፌውም ዋጋ ፅፌ ላክሁ፣ ተስማምቷል። ለእናቴ ገና አልነገርኳትም። ግድግዳው 6 ካሬ ነው፣ ከታች በኩል እርጥበት አለው፣ ምን ላድርግ?

የግድግዳ ሰዓሊ፣ ቀበሌ 14
ጠባሳቸውን የፈለጉት እጁ የራሳቸው ስለመሰላቸው ነው፣ ደስ ብሎኛል። እርጥብ ግድግዳ ላይ እንዳትጀምሪ፣ ቀለሙ ይላጣል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ባለቤቱ ያስጠግን፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዛ ልጣጩ ተፍቆ ስቱኮ ይመታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ፕራይመር ይቀባል፣ አክሪሊክ ቀለሙ ከዛ በኋላ ነው። ይሄን ወጪ ከስዕሉ ዋጋ ለይተሽ ፃፊው፣ አካውንታንት ነሽ እኮ። መሰላል ከሌለሽ የኔን ውሰጂ።