መድኃኒቷን በታዘዘላት ልክ የወሰደች ሴት፦ "ጥገኛ" ብዬ ኮድ ልስጥ?

የማታ ሺፍት፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። የሆስፒታል ኮዲንግ፣ ማለትም ሐኪም የጻፈውን ምርመራ ወደ ኮድ የመለወጥ ሥራ፣ ከጀመርኩ ዘጠኝ ወሬ ነው። በፊት ጎንደር ነርስ ነበርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልዘጋሁት ቻርት (የታካሚ መዝገብ) አለና ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ ዕድሜዋንና አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

በስድሳዎቹ መጨረሻ ያለች ሴት ናት። ለጭንቀት አልፕራዞላም ታዞላት ለዓመታት ወስዳለች። ልጇን ልትጠይቅ ሌላ ስቴት ስትሄድ መድኃኒቷን ቤት ረሳችው። በሦስተኛው ቀን እየተንቀጠቀጠች፣ ላብ አጥምቋት፣ የገዛ ልጇን "አንቺ ማን ነሽ?" እያለች በአምቡላንስ መጣች።

ሐኪሙ የጻፈው "የቤንዞዲያዜፒን ዊዝድሮዋል፣ የአእምሮ ሁኔታ ለውጥ" ነው። ቤንዞዲያዜፒን (ቤንዞ) አልፕራዞላም የሚመደብበት የመድኃኒት ወገን ነው፣ ዊዝድሮዋል ደግሞ መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚመጣ ሕመም። አንድ ኖት ላይ "ዲፔንደንስ" (ጥገኝነት) የሚል ቃል አለ። ዲስቻርጅ ሰመሪው (ከሆስፒታል ስትወጣ የሚጻፈው ማጠቃለያ) ላይ ግን "ለረጅም ጊዜ ቤንዞ የምትወስድ" ብቻ ነው የሚለው። ሌሊቱን በደንብ የጻፈችው ነርሷ ናት። ግድግዳው ላይ ሰዎች ታያለች፣ ያለችበትን አታውቅም፣ ጠዋት ረገብ ይልላትና ማታ ይብስባታል። ካም የሚባለው የዴሊሪየም (በድንገት የሚመጣ የአእምሮ መቃወስ) መመዘኛም ፖዘቲቭ ነው። "ዴሊሪየም" የሚለውን ቃል ግን አንድም ሐኪም አልጻፈውም።

ሶፍትዌሩ ኤፍ13.231 ላይ ያደርሰኛል። ጥገኝነት፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ከመጣ ዴሊሪየም ጋር ማለት ነው። ጣቴ እምቢ አለኝ። ይቺ ሴት አንድ ኪኒን እንኳ ትርፍ አልወሰደችም። እኛ ቤት "ጥገኛ" ሲባል "ሱሰኛ" ተብሎ ነው የሚሰማው። ይህ ቃል መዝገቧ ላይ ከገባ ነገ ሌላ ሐኪም ያየዋል። ምን ላድርግ?

እንግዳ 27

ነርሷ በግልጽ ጽፋዋለች፣ ካሙም ፖዘቲቭ ነው። እኔ ብሆን 231 ብዬ እዘጋው ነበር። ቻርቱ ቀን በቆየ ቁጥር አለቃሽ ይጠይቅሻል።

ኮደር ከዳላስ፣ 14 ዓመት

እንግዳ 27፣ ይቅርታ አድርግልኝና ይሄ ስህተት ነው። ኦዲት ላይ አንዴ ቢያዝ ኮደሯ ናት የምትጠየቀው። ከነርስ ኖት የሚወሰዱ ነገሮች በመመሪያው ተቆጥረው ተቀምጠዋል። የሰውነት ክብደት መለኪያው፣ የአልጋ ቁስል ደረጃ፣ እንዲህ ያሉት ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ዋናውን ምርመራ ሐኪም ጽፎት ሲገኝ ነው። ዴሊሪየም እዚያ ውስጥ የለም።

እህቴ፣ ጣትሽ እምቢ ማለቱ ትክክል ነው። ቻርቱ እንዳለ ከሆነ ሁለት ነገር ጎድሎታል። አንደኛ፣ "የአእምሮ ሁኔታ ለውጥ" ምልክት ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። ሁለተኛ፣ "ዲፔንደንስ" እና "የምትወስድ" ተጋጭተዋል። ሁለቱም በሐኪም ከተጻፉ መመሪያው ጥገኝነትን ነው የሚያስቀድመው። ስለዚህ ዝም ብለሽ ብትዘጊው አንዴ የተጻፈችው ቃል ታሸንፋለች። ሐኪሙ አስቦበት ይጻፋት፣ ከሌላ ኖት ኮፒ ሆና ትምጣ፣ አንቺ አታውቂም።

ኩዌሪ፣ ማለትም ለሐኪሙ የጽሑፍ ጥያቄ፣ ላኪ። ነርሷ ያየችውን ከነሰዓቱ አስቀምጪ፣ የካሙን ውጤት ጨምሪ። ከዚያ ምርጫዎቹን አቅርቢ፤ "ሌላ" እና "መወሰን አይቻልም" የሚሉት አይቅሩ። "ዴሊሪየም ነው አይደል?" ብለሽ እንዳትጠይቂ፣ ያ መምራት ነው። ስለ ክፍያ ደግሞ አንድ ቃል አይግባ። የመድኃኒቱን አወሳሰድ በተመለከተም ለብቻው ጠይቂ፦ ጥገኝነት፣ ወይስ በታዘዘው መሠረት መውሰድ?

ሐኪሙ "ጥገኝነት የለም፣ በታዘዘላት መሠረት ስትወስድ ቆይታ ሲቋረጥ የመጣ ዴሊሪየም ነው" ካለ መንገድሽ ኤፍ13.931 ነው፤ ያው ዴሊሪየም፣ ጥገኝነት ሳይባል። ዲስቻርጅ ላይ "ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ቢጽፍም፣ ተኝታ የታከመች ስለሆነች እንዳለ ነገር ይቆጠራል። ክሊኒክ ቢሆን ግን አይቻልም።

መድኃኒቱ ስለተረሳ ቲ42.4ኤክስ6ኤንም እዪው፤ ቤንዞ ከታዘዘው በታች ሲወሰድ የሚሰጥ ኮድ ነው። እሱ መቼም የመጀመሪያ ኮድ ሆኖ አይሄድም።

ፋርማሲስቱ

እኔ ኮደር አይደለሁም፣ ግን የቀኑ ነገር ስቦኝ ነው። አልፕራዞላም ከሰውነት ቶሎ ይወጣል፣ ግማሹ 11 ሰዓት ያህል በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ። ስለዚህ ካቆሙ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መታመም የተለመደ ነው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ መባስም እንዲሁ። አገር ቤት ብዙ ሰው የሚያውቀው ዳያዝፓም ቢሆን ሳምንት ሊቆይ ይችል ነበር። ይህን የምለው ወደ 221 እንዳትሄጂ ነው። እሱ መድኃኒቱ በዝቶ ላመጣው ዴሊሪየም ነው። የመጨረሻው ኪኒን የተወሰደበት ቀን ኩዌሪው ውስጥ ይግባ።

232ም አጠገቡ አለ። የሌለ ነገር እያየች አእምሮዋ ግን ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ወደዚያ ይኬድ ነበር። ልጇን ያላወቀች ሴት ግን ሌላ ናት።

ስለ "ሱሰኛ" ያነሳሽው ልቤን ነካው። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2020 በእነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ላይ ያለው በሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ እንዲታደስ አዟል። በታዘዘው ልክ የወሰደ ሰው ሰውነትም ሊለምደው እንደሚችል እዚያው አለ። ሰውነት መልመዱና ሱስ አንድ አይደሉም። የአእምሮ ሕክምና መመዘኛውም በሐኪም ክትትል እንደታዘዘ ለሚወስድ ሰው መላመዱንና የማቋረጥ ሕመሙን ለሱስ ምልክት አይቆጥራቸውም።

የማታ ሺፍት፣ ሜሪላንድ

እግዜር ይስጥልኝ። ኩዌሪውን ሐሙስ ሌሊት ላክሁ። የነርሷን ቃላት እንዳሉ ነው ያስገባኋቸው፣ የመጨረሻ ኪኒኗን ቀንም ጨምሬ።

ዛሬ መልሱ መጣ። ሐኪሙ ዲስቻርጅ ሰመሪው ላይ አዴንደም (ተጨማሪ ማብራሪያ) ጽፏል፦ አልፕራዞላም በድንገት በመቋረጡ የመጣ ዴሊሪየም፣ መድኃኒቱ በታዘዘው መሠረት የተወሰደ። "ዲፔንደንስ" የምትለዋ ከቀድሞ መዝገብ ተገልብጣ የመጣች መሆኗንም ገልጾ አርሟታል። ኤፍ13.931 ብዬ ዘጋሁት።

ጎንደር ሳለሁ እንዲህ ያለች ታማሚ ስትገጥመኝ "ሌሊቱን ስትቃዥ አደረች" ብዬ ጽፌ ሺፍቴን አስረክብ ነበር። ማን እንደሚያነበው አስቤ አላውቅም። የዚህችን ነርስ ኖት ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከ2፡10 እስከ 5፡40 እያንዳንዱን ሰዓት ጽፋዋለች። ሥራ አስኪያጇ እንዲነግሯት ለአለቃዬ ኢሜይል አድርጌያለሁ።