ታር 4 ጊጋ ላይ ይቆማል፤ ፍላሹ ግን ገና ባዶ ነው

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ላይ 11 ጊጋ የሚሆን «ሰነዶች» የሚባል ፎልደር አለኝ። አብዛኛው የጄፔግ ፎቶ ነው፤ የቀረው በአማርኛ የተሰየመ ፒዲኤፍና ወርድ። በታር (ብዙ ፋይል ወደ አንድ በሚጠቀልለው ትእዛዝ) ጠቅልዬ በ32 ጊጋ ፍላሽ ወስጄ ሌላ ማሽን ላይ መፍታት ነው የምፈልገው። «ታር -ሲዜድኤፍ» ስለው ደህና ይሄድና 4 ጊጋ ላይ ሲደርስ «ፋይል ቱ ላርጅ» ብሎ ቀጥ ይላል። ፍላሹ ላይ ቦታ ሞልቷል። በዚፕ ባደርገው ይሻል ይሆን? የአማርኛ ስሞቹ እንዳይበላሹም እሰጋለሁ።

ጥቁር ስክሪን

ቦታ አላነሰህም። ፍላሹ በፋት32 (ፋይል በሚደራጅበት አንድ ሥርዓት) ፎርማት የተደረገ ነው። ፋት32 የአንድን ፋይል መጠን በ32 ቢት ቁጥር ስለሚመዘግብ አንድ ፋይል ከ4,294,967,295 ባይት ማለፍ አይችልም። ፍላሹ ላይ የሚፈለግ ነገር ከሌለ በኤክስፋት ፎርማት አድርገውና ተገላገል። ካለ ደግሞ ታሩን እየወጣ ሳለ ቆራርጠው። ትእዛዙን ለንባብ እንዲመች በፊደላችን ጻፍኩት፤ ስትተይብ በላቲን ነው፣ የመጠን ፊደል ትልቅ፣ የቀረው ትንሽ፦

ታር -ሲኤፍ - ሰነዶች | ስፕሊት -ቢ 4ጂ - /ሚዲያ/ፍላሽ/ሰነዶች.ታር.

ከኤፍ በኋላ ብቻዋን የቆመችው ሰረዝ «ፋይል አትፍጠር፣ ወደ ፓይፑ (ወደ ቀጣዩ ትእዛዝ ወደሚያሻግረው ቀጥ ያለ መስመር) ልቀቀው» ማለት ናት። መጨረሻ ላይ ያለችውን ነጥብ እንዳትረሳት። ለመፍታት፣ በሲዲ ወደምትፈታበት ፎልደር ግባና፦

ካት /ሚዲያ/ፍላሽ/ሰነዶች.ታር.* | ታር -ኤክስኤፍ -

ባይት ቆጣሪ

ሐሳቡ ልክ ነው፣ 4ጂ ግን አይሠራም። ስፕሊት ላይ 4ጂ ማለት 4,294,967,296 ባይት ነው፤ ከፋት32 ጣሪያ በአንዲት ባይት ይበልጣል። ጠያቂው እዚያው ስህተት ላይ ይመለሳል። 3900ኤም በል፤ 4,089,446,400 ባይት ይሆናል፣ 11 ጊጋውም በሦስት ቁራጭ ያልቃል። ስማቸው በኤኤ፣ ኤቢ፣ ኤሲ ስለሚያልቅ ካት በተራቸው ያነባቸዋል። የሻ256 ድምር (ፋይል አለመለወጡን ማረጋገጫ ቁጥር) የያዘ ፋይል ከፈጠርክ ግን ስሙን በ«ሰነዶች.ታር.» አታስጀምረው፤ ኮከቧ እሱንም ጎትታ ታሩ ውስጥ ትከተዋለች።

ዜድ (ታሩን በጂዚፕ ጨምቅ የምትለዋ ፊደል) መቅረቷም ደግ ነው። ጄፔግ አስቀድሞ የተጨመቀ ስለሆነ ጂዚፕ ፕሮሰሰር ከመፍጀት በቀር የሚቀንሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሌላም አለ፦ ያልተጨመቀ ታር ለእያንዳንዱ ፋይል ባለ 512 ባይት ራስጌ ስላለው መሐል ላይ ጥቂት ባይት ቢበላሽ ታር ቀጣዩን ራስጌ ፈልጎ ይቀጥላል። በጂዚፕ የተጨመቀው ከተበላሸበት ቦታ ወዲያ ያለው በተለመደው መንገድ አይወጣም።

ዜድን ለጽሑፍ ፋይል ስትጠቀም ደግሞ ኤፍ መጨረሻ ላይ ትሁን። «-ሲኤፍዜድ» ካልክ ታር ከኤፍ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ የፋይል ስም ያደርገዋል፤ «ዜድ» የሚባል ፋይል ይፈጥርልሃል፣ የሰጠኸውን ስም ደግሞ እንደሚጠቀለል ፋይል ቆጥሮ «የለም» ይልሃል።

ፊደል ገበታ

ስለ አማርኛ ስሞቹ። ታር ስሙን እንዳለ፣ በባይትነቱ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሁለቱም ማሽኖች ሊኑክስ ከሆኑ አይበላሽም። በ«ታር -ቲኤፍ» ስትዘረዝረው \341\210\260 የሚመስል ነገር ካየህ አትደንግጥ፤ እሱ «ሰ» ነው። የተርሚናሉ ሎኬል (የቋንቋ ቅንብር) ዩቲኤፍ-8 (የአማርኛንም ፊደል የሚይዝ የፊደል ኮድ) ስላልሆነ ታር ባይቶቹን በስምንት ቤት ቁጥር እያሳየህ ነው፤ ፋይሉ ደህና ነው።

የሚያስቸግረው ርዝመት ነው። አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። ኤክስት4 (የተለመደው የሊኑክስ ዲስክ ፎርማት) ላይ የአንድ ፋይል ስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ 85 ፊደል ብቻ ይገባል፤ ክፍት ቦታና ነጥብ ግን አንድ አንድ ባይት ናቸው። ዊንዶውስ በባይት ስለማይቆጥር የደብዳቤውን ርእስ በሙሉ ስም አድርጎ ይቀበላል፤ እዚህ ስትፈታው «ፋይል ኔም ቱ ሎንግ» ይልና ያንን ፋይል ይዘለዋል። መልእክቱ በወጣው ጽሑፍ መሐል ስለሚጠፋ ሳታየው ታልፋለህ፤ ስለዚህ ቪን (የእያንዳንዱን ፋይል ስም የምትዘረዝረዋን ፊደል) ጨምረህ አታዝረክርከው፣ ስህተቱ ብቻ ይታይ።

ዚፕን ለዚህ አልመርጠውም። የመጀመሪያው የዚፕ የፊደል ሰንጠረዥ፣ ኮድ ገጽ 437፣ የግእዝ ፊደል የለውም። ዩቲኤፍ-8 በ2006 ነው ወደ ደንቡ የገባው፤ ያንን ምልክት የማያነብ አሮጌ መፍቻ ስሞቹን ያመሰቃቅላቸዋል።

ጠያቂ

3900ኤም ሠርቷል፣ ሦስት ቁራጭ ወጣ። ዋናውን ከማጥፋቴ በፊት ልክ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ባይት ቆጣሪ

«ሲንክ» ብለህ ፍላሹን አንማውንት አድርግ፣ ነቅለህ መልሰህ ሰካ፤ አለዚያ ከፍላሹ ሳይሆን ከራም ሊያነብልህ ይችላል። ከዚያ «ሰነዶች» ካለበት ፎልደር ሆነህ፦

ካት /ሚዲያ/ፍላሽ/ሰነዶች.ታር.* | ታር -ዲኤፍ -

ዲ እያንዳንዱን ፋይል ዲስክ ላይ ካለው ጋር ያስተያያል። ምንም ሳይል ከተመለሰ አንድ ነው። የሚፈታበት ማሽን ላይ ግን በቀጥታ ፍላሹ ላይ አትፍታው፤ ፋት32 የፋይል ባለቤትነትና ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) አይዝም።