አባቴ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ይቋረጣል፤ ዱካክ ነው ወይስ ሕመም?

ጠያቂ፦ ከደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 54 ዓመታቸው ሲሆን በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የጭነት መኪና ያሽከረክራሉ። ሌሊት ማንኮራፋታቸው ጓዳ ድረስ ይሰማል፤ ድንገት ደግሞ ፀጥ ይላሉ። ትናንት አጠገባቸው ተቀምጬ ስቆጥር ዝምታው 25 ሰከንድ ደረሰ፤ እናቴ ደንግጣ ጋቢውን ስትገልጥ፣ ከውኃ እንደ ወጣ ሰው በኀይል አየር ሳቡ። ቀን ደግሞ የቡና ስኒ እንደያዙ ያንቀላፋሉ። ጎረቤቶቻችን ዱካክ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን የጣርማ በር ቁልቁለት እንቅልፍ ነስቶኛል።

መልስ 1፦ የጤና ባለሙያ
እህቴ፣ ዱካክ አይመስለኝም። ዱካክ የያዘው ሰው ነቅቶ መንቀሳቀስ ሲያቅተው ራሱ ያውቀዋል፤ የአባትሽን ግን የሚያውቀው አጠገባቸው ያለ ሰው ነው። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ ምላስና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ተንሸራተው የአየሩን መንገድ ሲዘጉት፣ ደረት ቢታገልም አየር አይገባም፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቀንስም አንጎል ለቅጽበት ይቀሰቅሳቸዋል። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚደጋገም ስምንት ሰዓት ተኝተውም ደክመው ይነሳሉ። ሕመሙ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ መቋረጥ ወይም መዳከም እየተቆጠረ፣ በሰዓት 5 ሲደርስ ሕመም፣ 30 ሲደርስ ከባድ ይባላል። የደም ግፊትን ስለሚያባብስ ግፊታቸውን ዛሬውኑ አስለኪላቸው። ምርመራው አንድ ሌሊት ትንፋሽን፣ የደረት እንቅስቃሴንና ኦክስጅንን እየመዘገበ የሚደረግ ነው።

መልስ 2፦ የሲፓፕ (ለተኛ ሰው አየር የሚገፋ መሣሪያ) ተጠቃሚ
እኔም ታምሜበታለሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጥቶኝ ባሰብኝ፤ ኪኒኑም ሆነ የማታ አረቄ ጉሮሮን ይበልጥ ያላላሉና አባትሽን አደራ ከልክያቸው። በጎን መተኛትና ክብደት መቀነስ ብዙ ሰው ይረዳል፤ ለኔ ግን አልበቃም። ሲፓፕ በጭንብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት ያደርገዋል። በእኛ ብርድ አፍንጫዬን አድርቆ ሊያስተወኝ ነበር፤ አየሩን በሞቀ ውኃ የሚያረጥበው ክፍል ሲጨመርለት ግን ተስማማኝ። እስኪታከሙ ድረስ መሪ መያዝ የለባቸውም፤ በዚህ ነገር ይሉኝታ አይያዝሽ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሐኪም የሚሆን ማስረጃ ብዬ የሌሊቱን ድምፃቸውን በስልኬ ቀዳሁትና ለራሳቸው አሰማኋቸው። ሁለት ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡት፤ ከዚያም የመኪናውን ቁልፍ ለወንድሜ ሰጡት። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ይዣቸው እሄዳለሁ።